የወጣት ጉልበትና የሸመገለ ብልኀት

በሐረር፥ በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ በሶፊ ገጠር፥ ከቀትር በኋላ ሰዎች ተሰብስበው ሲጨዋወቱ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይህ ነው፤ ጉልበቱ የሞላ ወጣት ቡጢኛ፥ ዕድሜው የገፋውን ነገር ግን በብልኀት የበሰለውን ሻምፒዮን ሊጥለው ይችላልን? ወጣቶቹ «እንዴታ!» ይላሉ፤ ሽማግሎቹም ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እኛም ነገሩ የቡጢ ብቻ ሆኖ ስላልታየን ጥቂት ልናስብበት ወደድን።

ለሽማግሎቹ ወገን የሚቆመው ትልቁ ምስክር መሐመድ አሊ ነው። በጥቅምት 1967 ዓ.ም በኪንሻሳ ከጆርጅ ፎርማን ጋር ሲገጥም አሊ የ32፥ ፎርማን የ25 ዓመት ሰው ነበሩ። አሊ በገመዱ ላይ ተደግፎ፥ ፊቱን በክንዶቹ ከልሎ የወጣቱን ቡጢ ተቀበለ። ፎርማን መታ፥ መታ፥ ደከመ፤ በ8ኛው ዙር ተዘረረ። ይህን የሰማ ሰው ብልኀት ጉልበትን ለዘላለም የሚገዛ ይመስለዋል። ነገር ግን ያው አሊ በመስከረም 1973 ዓ.ም፥ በ38 ዓመቱ ላሪ ሆልምስን በገጠመ ጊዜ አሥር ዙር ሙሉ ተደብድቦ ረዳቶቹ ግጥሚያውን አስቆሙ። ሆልምስ ቀድሞ የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ የነበረ ሰው ነው። ድሉን ካገኘ በኋላም አለቀሰ።

የሁለቱ ግጥሚያዎች ልዩነት የዕድሜ ብቻ አይመስለንም። ፎርማን ወጥመዱን አያውቅም ነበር፤ ሆልምስ ግን የጌታውን እጅ በልምምድ ሲያጠና ኖሯል። ጉልበት ቢታይ ለተመልካቹ አይተላለፍም፤ ብልኀት ግን በታየ ቁጥር ይካፈላል። ከሐረር ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበላው ሰው ሥጋውን በእንጨት ላይ አድርጎ፥ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ሲያቀርብ ያየ እንግዳ ነገሩ አስማት ይመስለዋል። ልጁ ግን ካባቱ አጠገብ ተቀምጦ ያድጋልና አስማት አለመሆኑን ያውቃል፤ ጊዜው ሲደርስም እንጨቱን ይቀበላል።

የዚህ ጥያቄ ዋናው መልስ ግን በአገራችን የተገኘው በቡጢ ሳይሆን በሩጫ ነው። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም በሞስኮ ኦሊምፒክ የ5,000ና የ10,000 ሜትርን ድል በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ሲወስድ፥ የ7 ዓመቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ገጠር ወሬውን በራዲዮ ሰምቷል። (ምሩጽ ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ እንደ ነበረ ዛሬም ያከራክራል፤ ለክርክሩ ግን ማርሹ ይበቃናል።) ኃይሌም አድጎ ይህንኑ ብልኀት የራሱ አደረገው፤ በ1993 ዓ.ም በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ቀድሞ ያሸነፈው በአንድ ሴኮንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር።

ከዚያ የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ መጣ። በግንቦት 1995 ዓ.ም በሆላንድ አገር በሄንግሎ በ10,000 ሜትር ኃይሌን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። በነሐሴ በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱ እንደ ገና ተገናኙ። እዚህ ላይ የ30 ዓመቱ ሰው ምን እንዳደረገ ልብ እንበል። የመጨረሻው ዙር ፍጥነት እንደ ቀድሞው የእሱ ብቻ አለመሆኑን ስላወቀ ይመስለናል፥ አስቀድሞ ወደ ፊት ወጥቶ ዙሩን አከረረ፤ የውድድሩም ሁለተኛ አጋማሽ ከ13 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሮጠ። ወጣቱ ግን ከኋላው አልተለየም። በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ በ26 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ገባ። ኃይሌን ያሸነፈው የኃይሌ የራሱ ብልኀት ነበር ማለት ነው።

በ1996 ዓ.ም ቀነኒሳ የኃይሌን የ5,000ና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የአቴና ኦሊምፒክ ሲደርስ ኃይሌ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ጅማቱን ታሞ ነበር። በ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር፥ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ እንዲደርስባቸውም እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉ። ይህ ትክክል ነበርን? ያንን ሩጫ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እኛም እንደዚሁ። የሆነ ሆኖ እነሱ በቀነሱበት ጊዜ ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ ከአጠገባቸው ነበረ፤ ሜዳልያውም የአገር አደራ ነው። ከዚህም በላይ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ኃይሌን አሳልፈውት ቢሆን ኖሮ ያከበሩት መስሏቸው የሁለቱን የቀድሞ ወርቆች ዋጋ ባሳነሱበት ነበር። ዞር ብለው ማየታቸውን እንወዳለን፤ በመጨረሻ ፊታቸውን መልሰው በሙሉ ጉልበታቸው መሮጣቸውን ግን ይበልጥ እንወዳለን። ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ሁለተኛ ወጡ፤ ኃይሌ አምስተኛ።

አንባቢያችን «ይህ ለእኛ ለጸሐፊዎችና ለመምህራን ምን ይሆነናል?» ይል ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ብልኀተኛ ሻምፒዮን አይጠፋም። የትኛው መዝገብ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ወጣቱ ሲጠይቀው «ቆይ ልጄ፥ አንተ ገና ነህ» ይለዋል፤ ቢያስተምረው ወንበሩን የሚያጣ ይመስለዋልና። ወጣቱም በበኩሉ በሒሳቡ ላይ ስሕተት ሲያይ «ጋሼን አላሳፍርም» ብሎ ይፈርማል። የመጀመሪያው ብልኀት፥ የሁለተኛው አክብሮት ይባላል። ጡረታ በወጣበት ማግሥት ግን መዝገቡ ይጠፋል፤ ከገጠር በእግሩ የመጣው ገበሬም በደጅ ጥናት ወሩን ይፈጃል። በዚህ ግጥሚያ የተሸነፈው እሱ ነው።

ኃይሌ ግን በመደርደሪያው ላይ አልተቀመጠበትም፤ መሙን ለወጣቶቹ ትቶ ወደ ማራቶን ዞረ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም በበርሊን በ35 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ቀነኒሳም በጊዜው በዚያው መንገድ ተከተለው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም በሎንዶን ማራቶን የ41 ዓመቱ ቀነኒሳ ከአንድ የ27 ዓመት ኬንያዊ ጋር እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ድረስ ጎን ለጎን ሮጠ። ወጣቱ አሌክሳንደር ሙቲሶ በ14 ሴኮንድ ቀደመው።