የእግዜር ጠበቆች

ባለፈው ክረምት የአንድ ጓደኛችንን አገር ልናይ ቆቦ ወርደን ሳለ ለቅሶ ላይ ደረስን። የሞተው ልጅ አሥር ዓመት አልሞላውም። ከብት ሲጠብቅ ውሎ ወንዝ ሊሻገር ሲል ከደጋው የወረደ ጎርፍ ወሰደው። ያን ቀን በሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ አልዘነበችም ነበር፤ ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ከተራራው ነው። እንደ ወሎ ደንብ ድንኳኑ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ተቀምጧል። አንድ ጠና ያሉ ሰው እናቲቱን ሊያጽናኑ፣ «አይዞሽ እቱ፤ እግዜር የሚወስደው የሚወደውን ነው» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸውና «ታዲያ ምነው ባልወደደብኝ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እኛም ዝም አልን። የፍልስፍና ትምህርት ስንማር ግን ይህን ጥያቄ በሦስት መስመር ጽፈነዋል፦ ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ነው፤ ፈጣሪ አፍቃሪ ነው፤ ዓለም ግን ጎዶሎ ናት። ሦስቱ አንድ ላይ እንዴት ይቆማሉ? ፈተና ላይ ቢመጣ አራት ገጽ እንሞላለን። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ገጽ የት ገባ? አፍረን ይሆን? ወይስ መልሶቻችን ለለቅሶ ቤት የማይሆኑ ናቸው? እስቲ የታወቁትን መልሶች እንደ ማሽላ ዘለላ ራያ አውድማ ላይ አውርደን እንውቃቸው፤ ፍሬውና ገለባው ይለይ።

የመጀመሪያው መልስ «የኃጢአታችን ውጤት ነው» የሚለው ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዝናብ ሲቀር «ተቆጥቶን ነው» ይባላል፤ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል። ራስን መመርመር ክፋት የለውም። ነገር ግን ቅጣት ነው ካልን የተቀጣው ማን ነው ብለን መጠየቅ አለብን። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሀብ የወሎን ገበሬና የአፋርን አርብቶ አደር ሲፈጅ፣ ከቆቦ እስከ ደሴ ያለው የአውራ ጎዳና ዳር በተራበ ሰው ተሞልቶ ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ረሀብ መርምሯል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከሌላው ጊዜ ብዙም እንዳላነሰ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል እንደነበረ አሳይቷል። ገበሬው አዝመራው ሲከስምበት የሚበላውም የሚገዛበትም አጣ። እህል የጫነው መኪና ሲያልፍ የተራበው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ያይ ነበር ማለት ነው።

በ1965 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው፣ ያዩትን ፎቶግራፍ አንስተው መጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። መንግሥት ግን ነገሩ እንዳይሰማ መሸፈኑን መረጠ። ከዚያም 1977 ዓ.ም. መጣ። መስከረም 2 ቀን አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረች፤ በጥቅምት ደግሞ ከአላማጣ በላይ ካለችው ከኮረም የተነሣ ፊልም በዓለም ሁሉ ታየ። ቅጣት ከነበረ ያለቀው ድግስ የደገሰው አይደለም። ያለቀው ጡት የሚጠባው ሕፃን ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ አንድ የቀበሌ ዳኛ ቢፈርደው ይግባኝ እንላለን። ሰው ቢሠራው የምንጠየፈውን ሥራ ለፈጣሪ ሰጥተን «ጽድቅ ነው» ማለት እርሱን ማክበር ነው ወይስ መስደብ?

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የተሻለ ነው። ፈጣሪ ሰውን ነጻ አድርጎ ፈጠረው፤ ነጻነት ያለው መልካምም ክፉም ሊሠራ ይችላል፤ ክፋቱ የሰው እንጂ የፈጣሪ አይደለም ይላል። ከላይ ያየነው ረሀብ አብዛኛው ሸክሙ በዚህ ይራገፋል። ጦርነቱም እንደዚሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ከተማ ውስጥ የትግራይ ተዋጊዎች ያልታጠቁ ሰዎችን ሆን ብለው እንደገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መስክሯል። በዚያ ጦርነት ከአላማጣ ወዲያም ወዲህም ስንት እናት አለቀሰች! ይህን «የእግዜር ሥራ ነው» የሚል ሰው ገዳዩን ከወንበሩ አስነሥቶ ፈጣሪን ያስቀምጣል።

ሆኖም ይህም መልስ ሁሉን አይሸፍንም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የራያ ቆቦን ማሽላና ጤፍ፣ አዝመራው ሊሰበሰብ ሲል፣ የበረሃ አንበጣ ወረደበት። አንበጣ ነጻ ፈቃድ የለውም። እርግጥ ነገሩን ወደ ኋላ ብንከተለው የሰው እጅ አይጠፋበትም። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት ታላላቅ የባሕር ማዕበሎች የዓረብን ምድረ በዳ አራሱት፤ አንበጣው ማንም በማያየው አሸዋ ላይ ተራባ፤ የመን በጦርነት ላይ ስለነበረች እንደ ድሮው ሊቆጣጠረው የቻለ አልነበረም። ግማሹን ለሰው እንስጥ። የቀረው ግማሽስ? ያን ልጅ የወሰደው ጎርፍስ የማን ፈቃድ ነው?

ሦስተኛው መልስ እዚህ ላይ ይነሣል። ዓለም በሕግ የምትሄድ ናት፤ ያው ሕግ ይጠቅማል፣ ያው ሕግ ይጎዳል ይላል። ለዚህ እንደ ቆቦ ያለ ምስክር አይገኝም። ሜዳው ራሱ የተገኘው በስንጥቅ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ መሬት ተሰንጥቃ ስትሰምጥ በምዕራቡ ደጋና በዞብል ተራራ መካከል ጎድጓዳው ተፈጠረ። ያን ጎድጓዳ የሞላው ደግሞ ዘመን ከዘመን የወረደው ደለል ነው። የደጋው ገበሬ «አፈሬ ተጠርጎ አለቀ» ብሎ ሲያዝን የቆላው ገበሬ በዚያው አፈር ማሽላውን ያበቅላል። ገበሬው ራሱ ጎርፍ ሲመጣ ዶማውንና አካፋውን ይዞ፣ በሌሊትም ቢሆን ይወጣል፤ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል። ጎርፍ የሌለበት የቆቦ ሜዳ ቢፈለግ የቆቦ ሜዳ ራሱ አይኖርም።

መልካም ክርክር ነው፤ እኛም ወደነዋል። ግን ለእናቲቱ ልንነግራት እንችላለን? «ልጅሽን የወሰደው ውሃ ለአገሩ ደለል አምጥቷል» እንበላት? ጀርመናዊው ላይብኒዝ በ1710 እ.ኤ.አ. ይህች ዓለም ሊፈጠሩ ይችሉ ከነበሩት ሁሉ የተሻለችው ናት ብሎ ጻፈ። በ1755 እ.ኤ.አ. በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ የሊዝበን ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ቮልቴርም በዚያ ፍልስፍና ላይ የተሳለቀበትን «ካንዲድ» በ1759 እ.ኤ.አ. አወጣ። ስሌቱ ለጠቅላላው ልክ ሊሆን ይችላል። እናት ግን የወለደችው ጠቅላላውን ሳይሆን አንዱን ነው። አፍቃሪ የተባለ ፈጣሪም አንዱን ካላየ አፍቃሪ መባሉ በምን ይታወቃል?

አራተኛውን መልስ ከራሳችን ቤት እናገኛለን። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ደራሲው ማን ነው የሚለው ክርክር ገና ባያበቃም፣ በሃይማኖት ስደት ዘመን ዋሻ ገብቶ ያሰበ ሰው ሐሳብ ሆኖ ቀርቧል። በዚያ ሐሳብ ፈጣሪ ሰውን ፍጹም አድርጎ አልጨረሰውም፤ ፍጹምነትን የሚሻበት ልቡና ሰጥቶ ሥራውን ለራሱ ተወለት። ስለዚህ የዓለም ጉድለት ለእኛ የተተወ ሥራ ነው እንበል። ከአራቱ መልሶች ይህ ለወጣት ልብ የቀረበ ነው። እርዳታ ስናሰባስብ፣ የተጎዳን ስንጠይቅ ሳናውቀው የምንኖረው በዚህ መልስ ነው።

ዳሩ ግን ይህም አደጋ አለው። ጉድለቱ የተተወው እኛ ደግ ሆነን እንድናድግ ነው ካልን፣ ያ ልጅ የሞተው ለእኛ ትምህርት ነው ወደማለት እንንሸራተታለን። እንዲህ ያለ ትምህርት ይቅርብን! የሌላ ሰው ልጅ የእኛ የደግነት መለማመጃ ደብተር አይደለም።

ታዲያ ምን ቀረን? መጽሐፈ ኢዮብ ቀረን። ብዙዎቻችን ከዚህ መጽሐፍ የምናስታውሰው የኢዮብን ትዕግሥት ብቻ ነው። እርሱ ግን የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከፈጣሪ ጋር ልከራከር ብሏል። ወዳጆቹ ደግሞ «ያለ ኃጢአት አልደረሰብህም» እያሉ ስለ ፈጣሪ ጥብቅና ቆሙ። በመጨረሻ ፍርድ ሲሰጥ በቁጣ የተነገራቸው ጠበቆቹ ናቸው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው ተባሉ። ኢዮብ ራሱ «ለምን?» ላለው መልስ አላገኘም። ከሳሽ ወዳጆቹ ግን ተረቱ።

ከዚህ የተረዳነው አንድ ነገር ነው። የሚያምን ሰው ለፈጣሪ ጠበቃ እንዲሆን አልተጠየቀም። በተለይም ደንበኛውን ነጻ ለማውጣት ሲል የተጎዳውን ሰው የሚከስ ጠበቃ፣ የቆመለትን ፈጣሪ ራሱን ያሳፍራል። ከእኛ መካከል የሚያምን አለ፤ የማያምንም አለ። የማያምነውም «እነሆ፣ ፈጣሪ የለም» ብሎ የእናቲቱን እንባ ለክርክሩ ማስረጃ ካደረገው ያው ጠበቃ ነው፤ የቆመበት ወገን ብቻ ተለወጠ። ለሁላችንም የሚበጀው በመጀመሪያ ሂሳቡን መለየት ነው፦ የባለሥልጣኑን ለባለሥልጣኑ፣ የገዳዩን ለገዳዩ፣ የእኛን ቸልታ ለእኛ። ልጆች በሚሻገሩበት ወንዝ ላይ ድልድይ አለመኖሩ የሰማይ ምሥጢር አይደለም። ይህ ሁሉ ተለይቶ የሚተርፍ ነገር አለ፤ ትልቅ ነገር ነው። እርሱን ባልሆነ መልስ ከምንሸፍነው ጥያቄ ሆኖ ቢቀመጥ እንመርጣለን።

ያን ዕለት ከዝምታው በኋላ የሆነውን ሳንናገር አንለፍ። ጠና ያሉት ሰው ከተቀመጡበት ተነሥተው እናቲቱ አጠገብ ሄዱና መሬት ላይ ተቀመጡ። «ልክ ነሽ እቱ፤ እኔም አላውቀው» አሏት። እሷም በደንብ አለቀሰች። ሲመሽ ሰዎቹ ተመካክረው ለአዳር ተከፋፈሉ፤ ሦስቱ ጎረቤቶች ከእሷ ዘንድ አደሩ።

ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ጓደኛ ቢኖር ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ሲጽፍ ግን ያቺ እናት ታነበዋለች ብሎ ይጻፈው።