ቢራቢሮን የሚሻ አባጨጓሬዋን ይታገሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ ይባላል። በእነዚህ 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንንና የልጇን ስደት እያሰበች በአበባ ምሳሌ ታመሰግናለች። ምድሪቱም አደይ አበባ ለብሳ ትታያለች። ይህን ያየ ሁሉ በደጁ አበባ ተክሎ ወፍና ቢራቢሮ እንዲመጡለት ይመኛል።

ወፏን መጥራት ቀላል ነው። መንቁሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ ወንዱ በፀሐይ እንደ ተወለወለ ብረት የሚያብለጨልጭ ትንሽ ወፍ አለች። ከወገኖቿ አንዷ በተከዜ ወንዛችን ስም ተጠርታለች። በአሜሪካ የምትገኘው ሐሚንግበርድ በአየር ላይ ቆማ አበባ ስትመጥ፣ የእኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ትመጣለች። ስለዚህ እሬት ወይም ኮርች የተከለ ሰው በአበባው ወራት ያገኛታል።

የቢራቢሮ ነገር ግን ይለያል። አበባ ብቻ ብንተክልላት ቀምሳ ትሄዳለች፤ እንድትራባ ከፈለግን ለልጆቿ ቅጠል ያስፈልጋል። ጥቁር ክንፏ በብጫ የተዥጎረጎረው ትልቋ ቢራቢሮ እንቁላሏን በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ በመጀመሪያ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ላይ ቀንድ መሳይ ነገር አውጥቶ ይሸታል፤ ቅጠሉንም ይበላል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ይረግጠዋል፤ መርዝም ይረጭበታል። በኋላ ደግሞ «ዘንድሮ ቢራቢሮው የት ገባ?» እያለ ይጠይቃል።

ወጣቶች ሆይ፤ ወደ ጉባኤያችንም አዲስ ልጅ ይመጣል። ነጠላ ማጣፋት አያውቅም፤ መዝሙር ይሳሳታል፤ ምናልባት ጫቱን ገና አልተወም፤ ሲመክሩት ይቆጣል። እኛም በዓይን እንጠቃቀስበታለን። በሚቀጥለው እሑድ ይቀራል፤ የት ሄደ የሚለውም የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን «ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን ለምን ራቀ?» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የመሰለውን ምሳሌ እናስብ። ሦስት ዓመት ፍሬ የታጣባት በለስ እንድትቆረጥ ባለቤቱ ባዘዘ ጊዜ፣ አትክልተኛው አንድ ዓመት ለመነላት። ልመናውም ባዶ አልነበረም፤ ዙሪያዋን ሊቆፍርላት፣ ፍግ ሊያደርግላት ቃል ገባ። የክርስቲያን ትዕግሥት እንዲህ ሥራ ያለበት ነው። ኃጢአትን ደግ ነው አንልም፤ አባጨጓሬውን የምንመግበው ክንፍ እንዲያወጣ ነውና። እኛስ ራሳችን ዛሬ የቆምነው አንድ ሰው ታግሦን አይደለምን?

እንግዲህ በመጪው ክረምት በአጥሩ ሥር እሬት፣ በማዕዘኑ ሎሚ እንትከል፤ ከሎሚው ጥቂት ቅጠል ለአባጨጓሬው እንተውለት፤ መርዝም አንርጭበት። ከዚህ እሑድ ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ አዲስ ልጅ ከጎናችን እናስቀምጥ፤ ነጠላውን እናስተካክልለት፤ ሲቀር ቤቱ ሄደን እንጠይቀው።

የታገሠን አምላክ ትዕግሥቱን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።