ትንሽ ፍሳሽ፣ ትልቅ ሐይቅ

ስለ ሥነ ምግባር ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ታላላቁን በደል ነው፤ ግድያውን፣ ዘረፋውን፣ ጭቆናውን። በእነዚህ ላይ በደለኛው ይታወቃል፤ ተበዳዩም ይጮኻል። ለመሆኑ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ብቻ አድርጎ፣ ማንም «እኔ አጠፋሁ» ሳይል የሚፈጸም በደልስ የለም ወይ?

ነገሩን ከአየር ላይ አውርደን እዚሁ ክልላችን ውስጥ እንየው። ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጀርባ ንጋት ሐይቅ ተንጣሏል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሐይቅ ካለ ጀልባ አለ፤ ጀልባ ካለ ማረፊያ፣ ማረፊያ ካለ ደግሞ ምግብ ቤትና መጸዳጃ ይከተላል። እንግዲህ በዳርቻው አንድ ትንሽ የጀልባ ማረፊያ ተከፈተ እንበል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍሳሹን አጣርቶ ነው ወደ ሐይቁ የሚለቀው። ታዲያ ይህን ሰው በፈቃድ፣ በምርመራና በቅጣት መከታተል ፍትሕ ነው ወይስ ነገር ፍለጋ?

«ነገር ፍለጋ ነው» የሚሉ ወገኖች ሦስት ምክንያት አላቸው፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ «ውሃው ተጣርቷል» ይላሉ። ኧረ ለመሆኑ ምኑ ነው የተጣራው? ጉድጓዱ ዝቃጩን ያስቀራል፤ ክሎሪኑ ተሕዋስያንን ይገድላል። ፎስፈረስና ናይትሮጂን ግን በተለይ ካልተወገዱ ከጠራው ውሃ ጋር አብረው ይሄዳሉ። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ሐይቅ የተበላሸው በጥሬ ፍሳሽ ሳይሆን በተጣራ ፍሳሽ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ኤድመንድሰን የተባለው የዩኒቨርሲቲ መምህርና ባልደረቦቹ አልጌው መብዛቱን አስተዋሉ። ከ1963 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ፍሳሹ በሙሉ ከሐይቁ እንዲርቅ ሲደረግ ውሃው መልሶ ጠራ። ስለዚህ «የተጣራ» ማለት «ንጹሕ» ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ሐይቁ ሰፊ፣ ፍሳሹ ጠብታ» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ሁለተኛው ባለማረፊያም ይህንኑ ይላል፤ ሃያኛውም እንዲሁ። እያንዳንዱ እውነቱን ተናገረ፤ ድምሩ ግን ውሸት ሆነ! ጣናን ያየ ይህን ያውቃል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ሲወረው፣ ከማሳውና ከከተማው የሚገባው ንጥረ ነገር መገበው እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አላመጣውም። ደግሞም ጀልባ የሚያርፈው ከነፋስ በተከለለ ጥግ ነው፤ በእንዲህ ያለው ጥግ ውሃው ቶሎ አይለዋወጥም። እንስራዋን ይዛ ዳር የምትወርደው ሴት የምትቀዳው ከ74 ቢሊዮኑ አይደለም፤ ከዚያችው ጥግ ነው።

ሦስተኛ፣ «ቁጥጥር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ሥራ ነው የቸገረን» ይላሉ። ይህ ያሳስበኛል፤ ሥራ ፈትቶ የሚንከራተተው ወጣት የኛው ወንድም ነውና። ሆኖም ወጪው ቀረ እንዴ? አልቀረም፤ ከባለቤቱ መዝገብ ወጥቶ በቀጂዋ ጤናና በዓሣ አጥማጁ መረብ ላይ ተጻፈ እንጂ። ድህነት ከተነሣ፣ ከሁሉ ይልቅ ድሃው እሱ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽን ወደ ውሃ ሀብት ለመልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። የጎደለው አንቀጽ ሳይሆን መለኪያው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ነው።

አህያ ከታች ሆና ስትጠጣ፣ ጅብ ከላይ ሆኖ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ የከሰሳትን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ዛሬ ከላይ ያለነው እኛ ነን። መጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከሱዳንና ከግብፅ ጋር በተፈረመው የመርሆች ስምምነት «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» የሚል ቃል አለ። ለመንግሥታት «ጉልህ» የሚለው ቃል ይበቃ ይሆናል፤ ለጎረቤት ግን አይበቃም። ስለ ውሃው መጠን ስንሟገት የኖርን ሰዎች ስለ ንጽሕናው ዝም ካልን፣ ክርክራችን የፍትሕ ሳይሆን የድርሻ ብቻ ነበር ማለት ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ መለኪያው ከሐይቁ መካከል ሳይሆን ከቧንቧው አፍ ላይ ይቁም። ውጤቱም ለቢሮ መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ በዳርቻው ለሚኖረው ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ፣ በጉሙዝኛም ሆነ በበርታኛ፣ ይነገር። ከተቻለም የተጣራው ውሃ ወደ ዛፍ ተክል ይመለስ፤ ሐይቁን የሚያበላሸው ፎስፈረስ ለመሬቱ ማዳበሪያ ነውና። ባለቤቱ «ጉዳት የለውም» ብሎ ከተከራከረ ደግሞ የምግብ ቤቱን ውሃ ከቧንቧው አጠገብ ይቅዳ። እምቢ ካለ መልሱን ራሱ ሰጠን።