ከደመወዝሽ መጀመሪያ ለጉሮሮሽ

ልጄ፣ ሐዋሳ ገብተሽ ሥራ መጀመርሽን ስሰማ ደስ አለኝ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንደ አንቺ ያሉ ብዙ ልጃገረዶች ከየገጠሩ መጥተው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ቁጠባ የሚመክርሽ አታጪም። እኔ የምነግርሽ ስለምትበይው ነው።

ገንዘብ ሴት እጅ ሲገባ ቀድሞ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። እናትሽን አስቢያት። የከብቱና የእህሉ ገንዘብ የአባትሽ፣ የእንቁላሉና የቅቤው ደግሞ የሷ ነበር። እንቁላሉን እንዳይሰበር ጭድ ውስጥ ደርድራ ገበያ ትወጣለች፤ ጨው፣ ሳሙናና ያንቺን ደብተር ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ ሁሉ እንቁላል ለራሷ የጠበሰችበት ቀን ትዝ ይልሻል? ማታም የምትቀምሰው ቤተሰቡ በልቶ ሲነሳ፣ የተረፈውን ነበር። ደግነቷን አከብራለሁ፤ ልማዱ ግን ወደ አንቺ እንዲሻገር አልፈልግም። ለቤት ልከሽ፣ ኪራይና ዕቁብ ከፍለሽ፣ በተረፈው እበላለሁ ካልሽ ወሩ ሳይጋመስ ኑሮሽ ዳቦ በሻይ ይሆናል። የምትልኪውን ከመወሰንሽ በፊት የምትበይውን ወስኚ። ቤተሰብ የሚጦረው ጤነኛ ሰው ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ፣ ደመወዝ የያዘች ልጅ ጎመንና ሽሮን የድህነት ምግብ አድርጋ መናቋ ነው። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ለስላሳና ኬክ ይበዛል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ለሰውነትሽ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አይሰጥሽም። በዚያው ብር ግን እንቁላል ይገኛል።

በየወሩ ደም የምታይ ሴት ከወንድ የበለጠ የብረት ማዕድን ያስፈልጋታል፤ ሲጎድል የደም ማነስ ይመጣል። ድካሙን ብዙዎቹ የሥራ ጫና እየመሰላቸው ዝም ይላሉ። አንቺ ግን ቶሎ ቶሎ የሚደክምሽና የሚያዞርሽ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ምስር፣ ባቄላና ጎመን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ሰውነት ከሥጋ እንደሚያገኘው በቀላሉ አይወስደውም። ስለዚህ ስትበይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ ቆራርጠሽ አብረሽ ብዪው። ሻይና ቡና ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆይተሽ ጠጪ። ይህን አጥብቄ የምልሽ፣ ከማዕድ ሳንነሳ ሻይ የምናስቀዳ ብዙ ስለሆንን ነው። አዮዲን ያለበትንም ጨው አዮዲኑ እንዳይጠፋ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ወጡን ልታወጪ ስትይ ጨምሪው።

ደግሞም ያለሽበት አገር ለጥሩ ምግብ የታደለ ነው። ዓሣው ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ይወጣል፣ አቮካዶው ከሲዳማ ጓሮ ይመጣል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ካገኘሽ አትለፊው፤ ለዓይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ ከሱ ይገኛል። በጾም ወቅትም ምስሩ፣ ሽምብራውና ሱፉ አለልሽ።

ብቻሽን ከገዛሽ ይከብድሻል፤ ደክሞሽ ስትገቢም ምድጃ መለኮስ ያስጠላል። አብረውሽ ከተከራዩት ልጆች ጋር ለአስቤዛ እኩል አዋጡ፣ ማብሰሉንም በተራ አድርጉት። ደመወዝ ሳይወጣ ተነጋገሩበት፤ ከወጣ በኋላ ሁሉም በየራሱ ጉዳይ ይበተናል።