ተበዳይ የማን ጉዳይ ነው?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ለመሆኑ ሕግስ የተወጋውን ያስታውሰዋል?

ነገሩን ለማየት ከወረታ ከተማ ራቅ ብሎ፣ በፎገራ ሜዳ ጣና ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። አንድ ጥማድ በሬዎቹን ሌሊት ተሰረቀ እንበል። ተጠርጣሪው ተያዘ፤ ገበሬው ቃሉን ለፖሊስ ሰጥቶ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ክረምት ገባ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ መንገድ ተቋረጠ። በሬ የለውምና የሩዝ ማሳውን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጠ። ውሃው ጎድሎ ወረታ ገበያ ሲወጣ ያንን ሰው እህል ተራ ቆሞ አየው። ለካ በዋስ ተለቋል! ማንም አልነገረውም።

እዚህ ላይ የተጣሰ ሕግ የለም። ዋስትና መብት ነው። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 19 እስከ 21 ድረስ የተያዙ፣ የተከሰሱና የተፈረደባቸው ሰዎችን መብት በዝርዝር አስፍሯል። ይህም የሚያስመሰግን ነው፤ ያለጥፋቱ የሚከሰስ ሰው ነገ እኔ ወይም እርስዎ ልንሆን እንችላለንና። ይሁንና ለተበዳዩ እንዲህ ያለ የራሱ አንቀጽ አልተጻፈለትም።

ጥንት ነገሩ ሌላ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። በበልሃ ልበልሃ ሙግትም ተበዳይ በደሉን በራሱ አፍ ይናገር ነበር። ነፍሰ ገዳይ ሲፈረድበት ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ደሙን ወይም የደም ካሣውን የሚመርጡት እነሱ ነበሩ። ያ ሥርዓት በመቅረቱ ማንም ሊቆጭ አይገባም። ዘመድ የሌለው ሟች ደሙ ፈሶ ይቀር፣ ቂምም ካባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር። መንግሥት ቁራኛውን ፈትቶ «ነገሩ የኔ ነው፤ ከሳሹም እኔ ነኝ» ማለቱ ደግ አደረገ። ነገር ግን ተበዳዩን ምስክር ብቻ አድርጎ አስቀረው። ምስክር ሲፈለግ ይጠራል፤ ካልተፈለገም ይረሳል። ኖርዌያዊው የወንጀል ጥናት ሊቅ ኒልስ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መንግሥትና የሕግ ባለሙያዎች ጠቡን ከባለቤቶቹ ነጥቀዋል ሲል የተከራከረው ይህንኑ አይቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ተበዳይ በችሎት ድምፅ ካገኘ በበር ያስወጣነው በቀል በመስኮት ይገባል፤ ቅጣቱም በጥፋቱ ልክ መሆኑ ቀርቶ በአልቃሹ ብዛት ይመዘናል ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ቅጣትን መወሰን የዳኛ ብቻ ሆኖ ይቀጥል። የጉዳዩን አካሄድ ማወቅ፣ ስለደረሰ ጉዳት መሰማትና መካስ ግን ከተከሳሹ መብት ቅንጣት አይቀንሱም።

ሕጋችንም ባዶ አይደለም። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154፣ ተበዳይ ክሱ መሰማት ሲጀምር ካሣ እንዲወሰንለት ማመልከት እንደሚችል ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 102፣ ጥፋተኛው የማይክስ መስሎ ሲታይ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ወይም ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል ይላል። እንግዲህ ክሱ የሚሰማበትን ቀን ያልተነገረው ገበሬ በመጀመሪያው ቀን እንዴት ያመልክት? ያልተነገረ መብት በተቆለፈ ጎተራ እንዳለ እህል ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ገፍቶ ሄዷል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የወንጀል ተጎጂዎችን ከመንግሥት ገንዘብ የሚክስ ሕግ አወጣች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 የተበዳዮችን መብት የሚመለከት መግለጫ አጸደቀ። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2008 የተበዳዮችን መብት በሕገ መንግሥቷ ውስጥ በሰፊው ጻፈች።

«ታዲያ አንድ ወረዳ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ይባል ይሆናል። የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን በዋናነት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ነገር ግን የኛ ገበሬ የጎደለው አዲስ አዋጅ ነው ወይ? ቃሉን ሲሰጥ አንቀጽ 154ን የሚያስረዳው ሰው፣ ስለ ዋስትናውና ስለ ቀጠሮው በቀበሌ በኩል የሚደርሰው መልእክት፣ ማመልከቻ የሚጽፍለት ነፃ የሕግ አገልግሎት ነው የጎደለው። ይህን የወረዳ ምክር ቤት በራሱ በጀትና በራሱ ሠራተኞች ሊያስጀምረው ይችላል። የቀረውንም፣ የካሣ ፈንድንና የሕግ ማሻሻያን፣ ድምፁን አሰምቶ ከክልሉና ከፌዴራሉ ይጠይቅ።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደው ግጭት መሣሪያውን አብዝቶ የሕግን እጅ አሳጥሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ እህል ተራ ላይ ቆሞ ያንን ሰው የሚያየው ገበሬ ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ አንደኛውን አያቱ ያውቁት ነበር። መንግሥት «እጅህን ሰብስብ፤ እኔ እፈርድልሃለሁ» ብሎታል፤ እሱም ሰብስቧል። ቢያንስ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ሊነገረው አይገባም?