የሆድ ምስጢር የማን ነው?

በአማርኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የምስጢር ጎተራም ነው። አፍ አውጥተን የማንናገረው ነገር ሲገጥመን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የቂመኛም ቂሙ የሚያድረው በሆዱ ነው። ታዲያ አንድ ሐኪም ካሜራ በተገጠመለት ቀጭን ቱቦ ይህንኑ የምስጢር ቤት ገልጦ ሲያይ፣ ያየው ነገር የማን ነው? የበሽተኛው ብቻ ነውን? ወይስ ከአንድ ማሕፀን የወጡት ሁሉ ድርሻ አላቸው?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ደረሰብኝ እንጂ። ባለፈው ዓመት እዚህ ናይሮቢ ኮሎኖስኮፒ የተባለውን ምርመራ አደረግሁ። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ትቼ አንጀት የሚያጸዳ መድኃኒት በብዙ ውኃ ስጠጣ አመሸሁ፤ ጾም ለለመደ ሰው የሚከብደው ረኃቡ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ መመላለሱ ነው። በማግሥቱ የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሬ ተሰጠኝ፤ ስነቃ ሁሉም አልቆ ነበር። ሐኪሙ ከትልቁ አንጀቴ ሁለት ፖሊፖች አግኝቶ በሽቦ ሸምቀቆ ቆርጦ አውጥቷቸዋል። አንደኛው የምስር ፍሬ ያህላል፤ ሌላው ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር።

ፖሊፕ በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛው ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን በዝግታ፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ወስዶ፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ቀድሞ ከአንጀት ጥልቅ ክፍል ይህን ለማውጣት ሆድ መቅደድ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ዮርክ ውስጥ ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ የተባሉ ሐኪሞች ሸምቀቆውን በቱቦው ውስጥ አሳልፈው ያለ ቀዶ ሕክምና ማውጣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ አዴኖማ ከወጣላቸው ሰዎች መካከል በዚህ ካንሰር የሞቱት ከሚጠበቀው በ53 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

ማገገሙ ቀላል ነበር። ያን ዕለት መኪና እንዳልነዳና በከባድ ጉዳይ ላይ እንዳልፈርም ታዘዝሁ፤ ሆዴ ለጥቂት ሰዓት ተነፋ፤ ማታ ቀለል ያለ ምግብ በላሁ። «እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ብዙ ደም ቢታይዎ፣ ትኩሳት ወይም ጠንካራ የሆድ ሕመም ቢሰማዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» አለኝ ሐኪሙ። ምንም አልመጣም። የመጣው የላቦራቶሪው ውጤት ነበር፦ ሁለቱም አዴኖማ ናቸው፤ ካንሰር ግን አልተገኘባቸውም።

ፈተናው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከምርመራው በፊት «ከቤተሰብዎ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ነበር?» ተብዬ «አላውቅም» ብዬ ነበር። አባቴ በምን እንደሞተ ስንጠየቅ መልሳችን ሁልጊዜ «በሆድ ሕመም» ነበር። አሁን ሐኪሙ፣ ከፖሊፖቹ አንዱ ትልቅ ስለሆነ ወንድምና እህቶቼ ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ ሊመረመሩ እንደሚገባ ገልጾ «ይንገሯቸው» አለኝ። አዲስ አበባ ወዳለችው ታላቅ እህቴ ደወልሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ወንድምዬ፣ ተርፈሃል፤ ተመስገን በል። ለሌላ ሰው ግን አታውራው፤ ልጆቼ ገና አልተዳሩም» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባንም የገደለው እኮ እሱ ነው። ሐኪሙ ለአጎታችን ነግሮት ነበር» አለችኝ።

በአጎቴም በእህቴም ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። አጎቴ ዝም ያለው ወንድሙ ተስፋ ቆርጦ እንዳይሞት ነው። እህቴ የፈራችው «ዘራቸው በሽታ አለበት» የሚለውን ሐሜት ነው፤ ይህም ሐሜት ትዳር ሲያፈርስ አይታለች። በባህላችን ዝምታ ብዙ ጊዜ የፍቅር ልብስ ነው። ሰው ሕመሙን ለዓለም ሁሉ የመንገር ግዴታም የለበትም። አሜሪካዊው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በ2016 የአንጀት ካንሰር ተገኝቶበት፣ በ2020 በ43 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሕመሙን ለሕዝብ ሳይገልጥ ሥራውን ሠራ። ማንም «አጠፋህ» ሊለው አይችልም፤ ሕዝብ ከእርሱ ሕመም ዕዳ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውምና።

ወንድምና እህት ግን ሕዝብ አይደሉም። ለእኔ ያለፈ ታሪክ የሆነው ነገር በእነርሱ አካል ውስጥ ገና እየበቀለ ሊሆን ይችላል። ምስጢር የእኔ የሚሆነው ዋጋውን የምከፍለው እኔ ስሆን ነው፤ ዋጋውን ሌላው በሥጋው የሚከፍልበት ከሆነ በእጄ ያለው ምስጢር ሳይሆን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል። የአባባ ሕመም በወቅቱ ቢነገረን ኖሮ፣ እኔ በዕድሜዬ አጋማሽ በአጋጣሚ የደረስሁበትን ምርመራ ቀደም ብዬ በፈለግሁት ነበር።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀራል። ይህ ምርመራ በአካባቢያችን በትላልቅ ከተሞች ካልሆነ በቀላሉ አይገኝም፤ ዋጋውም ለብዙው ሰው ከአቅም በላይ ነው። መታከም ለማይችል ሰው ይህን መንገር ፍርሃትን በስጦታ መላክ አይሆንም? ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን አስጨንቆኛል። ሆኖም ማወቅ ኮሎኖስኮፒ ብቻ አይደለም። በዓይነ ምድሩ ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለዓመታት ከመቀመጥ ይድናል፤ ዋጋው አነስተኛ የሆነ፣ በዓይነ ምድር ውስጥ የተሰወረ ደም የሚፈልግ ምርመራም አለ፤ ቤተሰብም አዋጥቶ አንድ ሰው ሊያስመረምር ይችላል። እኛ ለቀብር ዕድር የምናዋጣ ሕዝብ ነን፤ ከቀብር በፊትም ማዋጣት አያቅተንም።

ስለዚህ ጂዳ ላለው ወንድሜና ድሬዳዋ ላለችው ታናሽ እህቴ ነገርኋቸው። የአባባንም ጭምር። ታላቅ እህቴ ለአንድ ወር ያህል ስልኬን አላነሣችም። በኋላ ራሷ ደውላ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ያ መድኃኒት ሲጠጣ በጣም ይመራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

የእኔ ቀጣይ ቀጠሮ ከምርመራው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። የደበቀው ሰው ብቻ ሳይሆን የተደበቀበትም መድኃኒት እንደሚያጣ እኔ ከአባቴ ቤት ተምሬአለሁ። ልጆቼ አንድ ቀን ያችው ጥያቄ በሐኪም ስትቀርብላቸው «አላውቅም» አይሉም።