የተፋቀው ማኅተም

ለጦርነት የተሠራ ዕቃ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለሰው ልጅ ምን ሆኖ ይቀመጥ? ጌጥ ወይስ ምስክር? ጥያቄው ረቂቅ ቢመስልም፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉትን የአውሮፕላን ፕሮፔለሮች ፈልገው በሚያሰባስቡ ሰዎች ዘንድ በእጅ የሚዳሰስ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በአውሮፓ ሰማይ የተዋጉት አውሮፕላኖች ፕሮፔለር በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነበር። አናጢው የዋልነት ወይም የማሆጋኒ ሳንቃዎችን በኮላ ደራርቦ ካጣበቀ በኋላ፣ እየላገ ጠማማ ቅርጹን ያወጣለታል። በእምብርቱም ላይ የንድፉ ቁጥር፣ የሞተሩ ጉልበት፣ የፕሮፔለሩ ርዝመትና በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ አንዳንዴም የአውሮፕላኑ ዓይነት ይታተማል። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያን እንጨት ትውልድ ለመመርመር ዋናው ፍንጭ ይኸው ማኅተም ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ወደ ሳሎን ገቡ። በእምብርታቸው ቀዳዳ ሰዓት ተገጠመበት፤ ጫፋቸው ተቆርጦ የፎቶግራፍ ማቀፊያ ሆነ። ሌሎቹም እንዲያምሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው ቫርኒሽ ተቀቡ። እንጨቱ አበራ፤ ቁጥሩ ግን ደበዘዘ። ስሙ እንደ ተፋቀ ብራና፣ መልኩ ሳይጎድል ባለቤቱን አጣ።

«እድፍ ክብር አይደለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነቀዝን ማጥፋት፣ ስንጥቅ እንዳይሰፋ መግታት የጠባቂ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ መበስበስን መግታት ሌላ፣ ያለፈውን እንዳልነበረ ማድረግ ሌላ። የጦር መሣሪያ ጠባሳው ሲጠፋ ንጹሕ ይመስላል፤ ንጹሕ የመሰለ መሣሪያ ደግሞ ጦርነትን ያስናፍቃል።

ጀርመናዊው አብራሪ ማንፍሬድ ፎን ሪሽቶፈን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1918 ፈረንሣይ ውስጥ ተመትቶ ሲወድቅ፣ በበርታንግል መንደር በክብር የቀበሩት ጠላቶቹ የነበሩት የአውስትራሊያ አየር ጓድ ሰዎች ናቸው። በመቃብሩ ላይ ያቆሙለትም መስቀል ከባለ አራት ክንድ ፕሮፔለር የተበጀ ነበር። ያም እንጨት ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ግን ሟቹን ለማስታወስ እንጂ ለማስረሳት አይደለም።

እንግዲህ የጥበቃ መለኪያው የእንጨቱ መብለጭለጭ አይሆንም። ተመልካቹ በፊቱ ቆሞ፣ ማን ሠራው? ማን በረረበት? ማንስ ወደቀ? ብሎ እንዲጠይቅ ማስቻሉ ነው። ማኅተሙን የፋቀ እጅ ጥያቄውንም አብሮ ፍቆታል።